የሞተር መተንፈሻ በር፦ ከማስፋት በፊት መለካት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ በተዘረጋው ሰፊ እርሻ፣ ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። በደረሰበት ጊዜ ካልታጨደ ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በዚህ ወቅት የቆመ ትራክተር ወይም አልነሣ ያለ ሞተር ብስክሌት የአንድ ዓመት ልፋት ሊያስቀር ይችላል። ሞተሩ ኃይል ሲያንሰው ሙቀቱን መውቀስና መተንፈሻውን ለማስፋት ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ የሞተር መተንፈሻ በር ምን እንደሆነ፣ በማሽን እንዴት እንደሚሰፋና ለቆላው ሞተር ይህ ለምን ቀዳሚ መፍትሔ እንደማይሆን እንመለከታለን።

በትራክተሮችና በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው ባለ አራት ምት ሞተር አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በቫልቮች አማካይነት ነው። በአንዳንድ ሞተር ብስክሌቶች፣ በጀርባ በሚታዘሉ የመድኃኒት መርጫዎችና በሞተር መጋዞች ላይ የሚገኘው ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን አሠራሩ የተለየ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሰው ፒስተን ራሱ ነው። ስለሆነም የመስኮቱ ከፍታና ቅርጽ አየሩ መቼ እንደሚገባና ጭሱ መቼ እንደሚወጣ ይወስናል።

ይህ አሠራር ጎልቶ የሚታየው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል ባመነጨው የሮታሪ ሞተር ላይ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1957 የተካሄደ ሲሆን፣ በኋላ ሞተሩን በስፋት ያመረተው የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተን የለም፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር በሞላላ ቤት ውስጥ እየዞረ በቤቱ ላይ የተበሱትን በሮች በየተራ ይሸፍናል፣ ይገልጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው ማዝዳ 787ቢ አየር የምታስገባው በሮተሩ ቤት ዙሪያ ግድግዳ ላይ በተከፈቱ በሮች ነበር።

በሩን የሚያሰፋው ባለሙያ መጀመሪያ የአዲሱን በር ቅርጽ ከቆርቆሮ ቆርጦ ያወጣል። ቅርጹን በቤቱ ላይ አስደግፎ በሹል ብረት መስመር ያሰምራል። ከዚያም ብዙውን ብረት በፍሬዛ ወይም ጠንካራ ጥርስ በተገጠመለት የእጅ ግራይንደር ያነሣና የቀረውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክላል። በመጨረሻም የብረት ብናኝ እንዳይቀር ቤቱን በሚገባ ያጥባል።

ሥራው ግን ወሰን አለው። በሮተሩ ጎንና ማዕዘን ላይ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያደርጉ ትንንሽ ማሸጊያዎች አሉ። በሩ ከልክ በላይ ከተቆረጠ የማዕዘኑ ማሸጊያ የሚደገፍበትን ብረት አጥቶ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ ሞተሩም ይሰበራል። ቁርጡ የማቀዝቀዣ ውኃ ወደሚሄድበት ክፍል ከደረሰ ደግሞ ቤቱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። በባለ ሁለት ምት ሞተርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። መስኮቱ በጣም ከሰፋ የፒስተኑ ፋሻ ወደ ውጭ ተለጥጦ በጠርዙ ይያዛል። የጭስ መውጫው ወደ ላይ ከፍ ከተደረገ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ኃይል ቢያገኝም በዝግታ ሲዞር ይደክማል። ይህ ለውድድር ይጠቅም ይሆናል፤ ጭነት ይዞ በዋልካ መንገድ ለሚጓዝ ሰው ግን ጉዳት ነው።

ለመሆኑ የቆላው አየር ሞተሩን ያፍነዋልን? እናስላው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ መተማ ደግሞ ወደ 700 ሜትር ትገኛለች። በአንድ ቦታ ሙቀቱ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያድግ አየሩ 6 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሆኖም የከፍታው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። በ20 ዲግሪ የጎንደር አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በ40 ዲግሪ የመተማው 1.04 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይኸውም መተማ በሙቀቷም ጊዜ ለሞተር አሥር በመቶ ያህል የሚበልጥ አየር ትሰጣለች ማለት ነው። እንዲያውም ካርቡራቶሩ በደጋ ተስተካክሎ ወደ ቆላ የወረደ ሞተር አየሩ በዝቶ ነዳጁ ስለሚያንሰው ከልክ በላይ ይግላል፤ መፍትሔው ካርቡራቶሩን ማስተካከል እንጂ በሩን ማስፋት አይደለም።

ታዲያ ኃይሉን የሚወስደው ምንድን ነው? አንዱ ዋነኛ ምክንያት አቧራ ነው። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ሲሊንደር ከሚሠራበት ብረት ይጠነክራል። የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም በሚገባ ካልተገጠመ አቧራው በፋሻውና በግድግዳው መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚበላው ፋሻው ሽቅብ ሄዶ የሚመለስበት የላይኛው ክፍል ነው። ባለሙያው ይህን የሚያውቀው የሲሊንደሩን ስፋት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ በመለካት ነው። መበላቱ ከአምራቹ ወሰን ካለፈ ሲሊንደሩ በማሽን ይሰፋና በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ከነፋሻው ይገባለታል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ከዚህ ሥራ በኋላ የመስኮቶቹ ጠርዝ ስለት ስለሚሆን፣ ፋሻውን እንዳይነክስ በጥንቃቄ መሞረድ ይኖርበታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ማጣሪያውን መመርመር፣ ቀጥሎ ካርቡራቶር ያለውን ሞተር ለቆላው አየር ማስተካከል፣ ከዚያም ሲሊንደሩን መለካት፣ ካስፈለገም ማስፋትና ፒስተኑን መለወጥ። በሩን የመቁረጥ ሐሳብ የመጨረሻው ነው። የተቆረጠ ብረት አይመለስምና፣ ለገበሬውም ሆነ ለባለሙያው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መሣሪያ መለኪያው ነው እንላለን።