የበዓል ቀንና የመጫኛ ቀን

የበዓል ቀን ለምእመኑ የደስታ፣ ለሠራተኛው የዕረፍት ቀን ነው። ለነጋዴው ግን ከዚህም በላይ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ቀን ነው፤ ባንኩ ቢዘጋም የውል ጊዜ አይቆምምና።

በኢትዮጵያ የበዓላት አቈጣጠር አንድ ዐይነት አይደለም። መስቀል መስከረም 17 ቀን፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላሉ። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ ነገር ግን ዕለቱ በባሕረ ሐሳብ ከብዙ ዓመት በፊት ይታወቃል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የሕዝብ በዓል የሆኑት ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በጨረቃ ይቈጠራሉ። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ፣ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይውላሉ። ከዚህም ሌላ የዒድ አልፈጥር ዕለት የሚቈረጠው ጨረቃ ስትታይ፣ በዋዜማው ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ ለዚህ በዓል አንድ ሳይሆን ሁለት ቀን ይተውለታል።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በሌተር ኦፍ ክሬዲት ነው። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ማለት ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ዩ ሲ ፒ 600፣ በ29ኛው አንቀጹ ሁለት ነገሮችን ይለያል። ሰነድ ለባንክ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ባንኩ በበዓል ምክንያት በተዘጋበት ዕለት ቢውል፣ ወደሚቀጥለው የባንክ የሥራ ቀን ይተላለፋል። የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ግን በዚህ ምክንያት አይራዘምም። እንግዲህ አንድ ቡና ላኪ የመጫኛው ቀን በጥምቀት ቢውልበትና በዓሉን ተማምኖ በማግሥቱ ቢያስጭን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ አንድ ቀን ያለፈበት ይሆናል። ባንኩም ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። ቡናው በባሕር ላይ ሳለ ገዢው ዋጋ ቀንስ ቢል፣ ላኪው የሚከራከርበት መሠረት አይኖረውም።

የገዢውም አገር ዕረፍት ሊታወቅ ይገባል። በሳዑዲ ዐረቢያ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ማታ ወደዚያ የተላከ ጥያቄ እሑድ ቢመለስ፣ አዲስ አበባ ያለው ቢሮ እሑድ ዝግ ስለሚሆን መልሱ የሚነበበው ሰኞ ነው። በተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ፤ ዓርብም የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው።

ስለዚህ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት የሁለቱን አገሮች በዓላት በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርግባቸው። የመጫኛው ቀን ከበዓል ጋራ የተጋጠመ እንደ ሆነም፣ ቀኑ ሳያልፍ ገዢው ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን እንዲያሻሽል ይጠይቅ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ልመና በገዢው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።