ሳምባ ምች መስሎ ስለሚመጣው የሕፃናት ነቀርሳ

በየቤታችን ሕፃን ሲያስለው ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው አስቀድሞ የሚነሣው ስም ብርድና የሳምባ ምች ነው። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የሳምባ ምች ሕፃናትን ከሚገድሉት ደዌዎች ዋነኛው ስለ ሆነ፣ እናት ይህንኑ አስባ ወደ ጤና ጣቢያ ብትሮጥ ደግ አደረገች። እኛ ዛሬ ልንናገርበት የወደድነው ግን መድኃኒቱ በሙሉ ተሰጥቶ፣ ቀኑም ተቈጥሮ፣ የልጁ ሕመም አልለቅም ስላለበት ጊዜ ነው።

እንዲህ ከሚያደርጉት ደዌዎች አንዱ ሐኪሞች ፕሉሮፑልሞናሪ ብላስቶማ የሚሉት የሳምባና የሳምባ ሽፋን ነቀርሳ ነው። ስሙ ረጅም፣ የሚይዛቸው ሕፃናት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ የነበሩ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. የ11 ልጆችን ታሪክ ሰብስበው ራሱን የቻለ ደዌ መሆኑን እስኪያስታውቁ ድረስ፣ በአዋቂዎች ላይ ከሚወጣ ሌላ የሳምባ ዕጢ ጋር በአንድ ስም ይጠራ ነበር።

ጠባዩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ብዙ ጊዜም ልጁ ገና አንድ ዓመት ገደማ ሳለ፣ በሳምባው ውስጥ አየር የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይገኛል። ከረጢቱ የፈነዳ እንደ ሆነ አየሩ በሳምባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ገብቶ ሳምባውን ይጫነዋል፤ ደኅና የነበረው ሕፃን በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል። ሳይታወቅ የቈየ እንደ ሆነ ደግሞ በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ ወደ ጠጣር ዕጢ ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሳልና ትኵሳት፣ የደረትም ሕመም ስለሚያስከትል ፍጹም የሳምባ ምችን ይመስላል። በከረጢትነቱ ሳለ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ከ10 ልጆች 9ኙ ያህል ይድናሉ፤ ጠጣር ከሆነ በኋላ ግን ብርቱ መድኃኒት ተጨምሮለትም የሚተርፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው።

መለየቱ ለሐኪምም ቀላል አይደለም። ነቀርሳ ያልሆነ፣ ከልደት ጀምሮ የሚገኝ የሳምባ አፈጣጠር ጕድለትም በራጅ ላይ እንዲሁ ከረጢት ሆኖ ይታያልና፤ ሲቲ ስካን እንኳ ሁልጊዜ ሁለቱን አይለያቸውም። ቍርጡ የሚታወቀው ሥጋው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ምቹ በዚያው ጎን ደጋግሞ ከተመለሰ፣ ወይም መድኃኒቱ አልቆ ትንፋሹ ካልተስተካከለ፣ ራጅ እንዲነሣ ጠይቁ። የቀድሞውንም ራጅ አትጣሉ፤ ሐኪሙ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ የሚያገኘውን ቃል አይነግረውም። የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቈረ፣ ጡት መጥባት ካቃተው ግን ለነገ የሚባል ነገር የለም። ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን እንጥል ማስቈረጥ በአገራችን ገና አልቀረም፤ በደረት ውስጥ ያለውን ደዌ ምንም አይነካውም፣ ደምና ቍስል ይጨምርበታል፣ ቀንም ያስበላል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ነቀርሳ የሚታከምበት ክፍል አለ።

ጎረቤት «ብርድ አስመታችው» እያለ እናቲቱን መውቀሱም ከንቱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፣ ከታመሙት ልጆች የሚበዙት ዳይሰር 1 በተባለው ዘረ መል ላይ ጕድለት ይዘው የተወለዱ ናቸው። ጕድለቱ ምንም ሕመም ካልታየበት አባት ወይም እናት ሊወረስ ይችላል። ስለዚህም በአንድ ቤት አንድ ልጅ በዚህ ደዌ ከታመመ የወንድሞቹና የእኅቶቹ ደም ይመረመራል። ጕድለቱ የተገኘበት ጨቅላ ካለ፣ ምንም ባያስለው እንኳ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው ደረቱ በሲቲ ስካን እንዲታይ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ በዚያ ዕድሜ ዕጢው ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ ገና ከረጢት ነውና።