ረሃብ የሚያጠፋው መርፌና ጉልበታችን

ባለፈው ወር ስለ ወገብ ሕመም ከተነጋገርን በኋላ ሦስት አራት እህቶች ለየብቻ ወደ እኔ መጥተው ነበር። የጠየቁኝ ግን ስለ ወገብ አልነበረም፤ ስለ ማዳም መርፌ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉ ጎን የሚቀመጠው፣ ብዕር የሚመስለው፣ በሳምንት አንድ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋው። እኔ አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ እዚህ ቤይሩት ግን እንደናንተው የሰው ቤት ነው የምሠራው። ስለዚህ ነገሩን በሁለቱም ዓይን አይቼዋለሁ።

ስሞቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ ኦዜምፒክ፣ ዌጎቪ፣ ማውንጃሮ። ኦዜምፒክና ዌጎቪ ውስጣቸው አንድ ነው፣ ሴማግሉታይድ ይባላል። የማውንጃሮው ቲርዜፓታይድ ነው። ሥራቸው ይቀራረባል። ስንበላ አንጀታችን ለአንጎል «ጠግቤያለሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ መድኃኒቱ ያንን መልእክት አስመስሎ ሳምንቱን ሙሉ ይልካል። ጨጓራም የገባለትን ምግብ ቶሎ አይለቅም። ሐኪም መርምሮ ላዘዘለት ሰው፣ በተለይ ለስኳር ሕመምተኛ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ላጥላላው አልመጣሁም።

የምነግራችሁ ይህንን ነው፤ መርፌው ረሃቡን ያጠፋል እንጂ ሰውነት የሚፈልገውን ምግብ አይተካም።

አንዲት እህታችን ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን አልጠራም። ማዳሟ መጠኑ ሲጨመርላት የተረፈውን ብዕር ሰጠቻት። አገር ቤት ልትገባ ስለነበር «ቀጠን ብዬ ልግባ» አለች። ረሃብ የሚባል ነገር ጠፋ። ጠዋት ቡና፣ ማታ ቡናና ሁለት ብስኩት። በሦስት ወር 11 ኪሎ ቀነሰች፤ እኛም «አማረብሽ!» አልናት። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ የሰፈሩም ሞተር ቆመ፣ አሳንሰሩ የለም። በየሳምንቱ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማው የምትወጣውን የውኃ ጋሎን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ፀጉሯም በማበጠሪያው እየወጣ ነበር። ያን ቀን ነው የደወለችልኝ።

ምን ሆነች? ስብ የተጠራቀመ ማገዶ ነው፤ ሳንበላ ስንውል ይነዳል። ፕሮቲን ግን እንደ ስብ የሚከማችበት ጎተራ የለውም። ልብ፣ ቆዳ፣ ደም በየቀኑ ይፈልጉታል፤ ከምግብ ካላገኙ ከጡንቻ ይወስዳሉ። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ሰዎቹ ከቀነሱት ክብደት ውስጥ ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ስብ አልነበረም፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ጡንቻ ነው። ሴማግሉታይድን ያቆሙት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ተመልሶ የሚመጣው በአብዛኛው ስብ ነው፤ ጡንቻው በራሱ ጊዜ አይመለስም። ማዳም ጡንቻዋ ቢቀንስ ጋሎኑን የምትሸከምላት አለች። እኛስ?

እንግዲህ ሐኪም አዞላችሁ የምትወስዱ ካላችሁ፣ አበላላችሁ እንዲህ ይሁን። ሆዳችሁ የሚቀበለው ትንሽ ስለሆነ ከሳህኑ ላይ መጀመሪያ የምታነሱት ፕሮቲኑን ነው። እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ ምስሩ ይቅደም፤ ቀጥሎ አትክልቱ፤ ሩዙና ዳቦው መጨረሻ። እኛ ቤት ልማዱ ተቃራኒ ነው፤ የተረፈ ሩዝ በዳቦ በልተን ጠገብን እንላለን።

ምን ያህል? ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.2 ግራም ገደማ ነው። ብዙ ኪሎ ያለሽ ከሆነ አሁን ባለሽ ሳይሆን ልትደርሺበት በምትፈልጊው ኪሎ አስቢ። ለ60 ኪሎ 72 ግራም ይሆናል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ጣሳ ቱና 25 ያህል፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ አንድ ኩባያ ለበን 8። ይህ 63 ነው፤ ዳቦውም ትንሽ ስለሚጨምር እዚያው ገደማ ትደርሻለሽ። አንዴ የሚበላ አይደለም፤ ለአራት ለአምስት ጊዜ ይከፋፈል። ቤቱ ውስጥ ሥጋ የማይሰጧችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንቁላልና አደስ ግን ርካሽ ነው፤ ማዳምን መጠየቅ ነውር የለውም።

ጾም ላይ ነገሩ ይከብዳል። ምስር አንድ ኩባያ 18፣ ፉል አንድ ኩባያ 13፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7፣ ወፈር ያለ ሽሮ 10 ያህል፤ 48 ነው፣ አይሞላም። ስለዚህ ምስሩ ሁለት ጊዜ ይሁን፣ ሀሙስና ጣሂኒም ይጨመርበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሞ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ መብላት በዚህ መድኃኒት የሚሆን አይደለም፤ ጨጓራው አይቀበልም፣ ያስመልሳል። በሐኪም ትእዛዝ ላይ ያለች ሴት ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ለሕመምተኛ መፍትሔ አያጡም።

ጥብስና ቅባት የበዛበት ማቅለሽለሹን ያብሳል። ጥማቱም ስለሚቀንስ ውኃ መጠጣት ይረሳል፤ ጠርሙስ ሞልታችሁ የምትሠሩበት ቦታ አስቀምጡ።

አሁን አንዷ «ቀኑን ሙሉ ስንለፋ እየዋልን ስፖርት ምን ያደርግልናል?» ትላለች። መጥረግና መወልወል ያደክማል፤ ጡንቻ የሚጠበቀው ግን ጫን ባለ ሸክም ነው፣ አሥር ጊዜ አንስተሽ አሥራ አንደኛው ሊያቅትሽ ሲል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ መኝታ ክፍልሽ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከወንበር እጅ ሳትደገፊ አሥር ጊዜ ተነሺ ተቀመጪ። ግድግዳ በሁለት እጅሽ ገፍተሽ አሥር ጊዜ ተጠጊ ተመለሺ። ውኃ የሞላ ጠርሙስ በየእጅሽ ይዘሽ አሥር ጊዜ አንሺ። ትንሽ አርፈሽ እንደገና፣ ሦስት ዙር። ሲቀልሽ ሸክሙን ጨምሪ።

ስለ ተረፈው ብዕር በግልጽ ልናገር፤ አትንኩት። ጫፉ ላይ ያለው መርፌ ቢቀየርም ደም ወደ ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል ብዕሩ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም ሊተላለፍ ይችላል። መጠኑም ሌላ ነው፤ ኦዜምፒክ የሚጀመረው በ0.25 ሚሊግራም ሲሆን የማዳም ብዕር 1 ሚሊግራም ከሆነ 4 እጥፍ ወሰድሽ ማለት ነው። እርጉዝ የሆነች አትወስድም፤ ልትፀንስ ያሰበችም ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ማቆም አለባት። በቤተሰቧ የታይሮይድ ካንሰር ያለባት መጀመሪያ ለሐኪም ትናገር። አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ ወይም ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ማዳምን ፈርታችሁ ዝም አትበሉ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያችሁ።

ያቺ እህታችን መርፌውን ትታለች። ምስርና እንቁላል ጀምራ፣ ከወንበር መነሳቱን በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች። በመጀመሪያው ቀን እጇን ሳትደገፍ መነሳት የቻለችው አራት ጊዜ ነበር። እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩትና ስንት ጊዜ እንደቻላችሁ ከነቀኑ ጻፉት። ከወር በኋላ ደግሞ ሞክሩና ቁጥሩን ይዛችሁልኝ ኑ።