የቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀምና እንክብካቤ፤ ለመካነ ሰላም ከተማና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢ ነዋሪዎች

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋማ ወረዳዎች ልብስ ማጠብ ከቤት ውስጥ ሥራዎች ሁሉ ጉልበትና ጊዜ ከሚወስዱት አንዱ ነው። ጋቢና ቡልኮ ውኃ በጠጡ ጊዜ ክብደታቸው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ውኃውን መቅዳት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅና መጭመቅ ደግሞ በአብዛኛው የሚወድቀው በእናቶችና በልጃገረዶች ትከሻ ላይ ነው። በመካነ ሰላም ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ አነስተኛ ከተሞች የመብራት አገልግሎት ያላቸው ቤተሰቦች ከዓመታት ቁጠባ በኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዙ፣ የሚገዙት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሥራና ለዕረፍት የሚውል ጊዜን ጭምር ነው።

ይሁንና ማሽኑ ያለ በቂ ዝግጅት ከተተከለ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊበላሽ፣ ከዚያም አልፎ ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቦታ የሚገናኙበት መሣሪያ በመሆኑ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተጠቃሚዎች ከግዢ እስከ ዕለታዊ እንክብካቤ ድረስ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ከአካባቢው የውኃ፣ የኤሌክትሪክና የአየር ጠባይ ሁኔታ ጋር በማያያዝ ያብራራል።

1. ከግዢ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በገበያ ላይ የሚገኙት ማሽኖች በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሁሉንም ሥራ በራሱ የሚያከናውን ሙሉ አውቶማቲክ ማሽን ነው። ሁለተኛው ማጠቢያና መጭመቂያ ክፍሎቹ ለየብቻ የሆኑና ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ተጠቃሚው በእጁ የሚያዘዋውርበት ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ነው።

ከፊት ለፊት የሚከፈት ሙሉ አውቶማቲክ ማሽን ለአንድ እጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሁለት እስከ ሦስት ውኃ ይወስዳል። ነገር ግን ግፊት ያለው የቧንቧ ውኃ ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን የበለጠ ውኃ ቢወስድም በጀሪካን ተቀድቶ ሊሞላ ይችላል፤ የታጠበበትን የሳሙና ውኃም ለቀጣዩ ዙር ልብስ መጠቀም ያስችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ይህንን ልዩነት ከዋጋው እኩል ሊመዝነው ይገባል።

ከፍታም ሌላው ነጥብ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አንዳንድ አምራቾች መሣሪያቸው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲያገለግል የተሠራ መሆኑን በመመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። በመሆኑም ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መመሪያውን ማየትና ዋስትናው በአካባቢው የሚሠራ መሆኑን ከሻጩ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

2. የሸማቹ መብት

ገዢው ሕጋዊ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀብሎ በጥንቃቄ ሊያስቀምጥ ይገባል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ካገኘው በዕቃው ላይ ያለው ዋስትና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ የግዢ ማስረጃውን አቅርቦ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል።

ይህ የጊዜ ገደብ ማሽናቸውን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከአዲስ አበባ ለሚያስመጡ ነዋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። ማሽኑን ገዝቶ ለወራት ሳይከፍቱ ማስቀመጥ መብቱን በገዛ እጅ እንደ መተው ይቆጠራል። ስለዚህ ማሽኑ በደረሰ በቀናት ውስጥ ተተክሎ ባዶውን እንዲሠራ በማድረግ መሞከር አለበት።

3. ማጓጓዝና መትከል

አዲስ ማሽን ሲመጣ ልብሱ የሚሽከረከርበት ድራም እንዳይወዛወዝ ከጀርባው በኩል በማጓጓዣ ብሎኖች ታስሮ ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ያለውን ረጅም ተራራማ መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ማሽን እነዚህ ብሎኖች እንደታሰሩ ሊጓዝ ይገባል። ከመጀመሪያው እጥበት በፊት ግን በመፍቻ ተፈተው መውጣት አለባቸው። ብሎኖቹ ሳይወጡ የተነሣ ማሽን በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ የውስጥ ክፍሎቹም ሊሰበሩ ይችላሉ። የወጡት ብሎኖች ለወደፊት ቤት ሲቀየር ስለሚያስፈልጉ መጣል የለባቸውም።

ማሽኑ የሚቀመጥበት ወለል ጠንካራ ሲሚንቶ ሊሆን ይገባል። በአፈር ወለል ወይም በሚያረገርግ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ማሽን በሚጨምቅበት ጊዜ ከቦታው ይንሸራተታል። አራቱ እግሮች እየተሽከረከሩ ከፍና ዝቅ ስለሚሉ፣ ማሽኑ በየትኛውም ጥግ ሲጫኑት የማይነቃነቅ እስኪሆን ድረስ ይስተካከላሉ።

4. የውኃ አቅርቦትና ግፊት

በርካታ ሙሉ አውቶማቲክ ማሽኖች በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ 0.5 ባር የውኃ ግፊት ይፈልጋሉ። ከታንከር በሚወርድ ውኃ አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። በመሆኑም ከማሽኑ በላይ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር የሚሰጠው 0.2 ባር ነው። ይህ ሲሆን ማሽኑ ውኃ ለመሙላት ብዙ ይቆያል፤ ወይም የስህተት ምልክት አሳይቶ ይቆማል። ብዙ ጊዜ “ማሽኑ ተበላሽቷል” የሚባለው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። መፍትሔው ታንከሩን 5 ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ወይም አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ማስገጠም ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት አካባቢ እጥበት ከመጀመሩ በፊት በታንከሩ ውስጥ ለሙሉ ዙሩ የሚበቃ ውኃ መኖሩ ይረጋገጥ። በክረምት ወራት ውኃው ደለል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው አነስተኛ ወንፊት በየጊዜው ወጥቶ ሊታጠብ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚበረታባቸው ከፍተኛ ቦታዎች፣ ማሽኑ ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ የሚውል ከሆነ ከእጥበት በኋላ የቧንቧው መዝጊያ ተዘግቶ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ መፍሰስ አለበት። ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ቱቦውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

5. የኤሌክትሪክ ደኅንነት

ለማሽኑ የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልት ነው። ውኃ የሚያሞቅ ማሽን 2,000 ዋት ገደማ ሊወስድ ይችላል፤ ይህም 9 አምፔር ያህል ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ጭነቱ 25 አምፔር ይደርሳል። ይህ ጭነት ብሬከሩን ይጥላል፤ መስመሩ ደካማ ከሆነም ገመዱን አግሎ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ልብስ ማጠብ አይመከርም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የመሬት መስመር፣ በተለምዶ ግራውንድ የሚባለው ነው። በማሽኑ ውስጥ አንድ ገመድ ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ የመሬት መስመር ካለ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ወርዶ ብሬከሩን ይጥላል። የመሬት መስመር ከሌለ ግን እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ማሽኑን በሚነካ ሰው አካል ውስጥ ያልፋል። ማሽኑ ሲነካ እንደ መንዘር የሚያደርግ ከሆነ ወዲያውኑ ኃይሉ ከብሬከር ላይ መቋረጥ አለበት። “ትንሽ ነው የሚነዝረው” ብሎ መጠቀም መቀጠል ፈጽሞ አይገባም።

የመስመር ዝርጋታው የብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መከናወን ይኖርበታል። ማሽኑ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና ሶኬት ቢኖረው ይመረጣል፤ በኤክስቴንሽን ገመድ መጠቀም አይገባም። መብራት ሲጠፋ ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀል፤ ተመልሶ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል። ኃይሉ ከፍና ዝቅ በሚልባቸው ሰፈሮች ከማሽኑ ጉልበት በላይ አቅም ያለው ስታብላይዘር መጠቀም ጠቃሚ ነው። የኃይል መቆራረጥ ወይም የመስመር ብልሽት ሲያጋጥም ደንበኞች በአቅራቢያቸው ላለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 ነፃ የስልክ መስመር ማሳወቅ ይችላሉ።

6. ሙቀት፣ ሳሙናና የልብስ ዓይነት

ማሽኑ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከፍተኛው ድርሻ የሚውለው ውኃ ለማሞቅ ነው። 15 ዲግሪ የሆነን 10 ሊትር ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ወደ 30 ዲግሪ ለማድረስ ግን የዚህ ሲሶ ይበቃል። የቤት ፍጆታ ታሪፍ በእርከን የሚጨምር በመሆኑ፣ ለዘወትር ልብስ 30 ዲግሪ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ መምረጥ ወጪን ይቀንሳል። 60 ዲግሪ ለሕፃናት ጨርቅ፣ ለአልጋ ልብስና የታመመ ሰው ለተጠቀመበት ልብስ ይቆይ።

በመካነ ሰላም ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም የ95 ዲግሪ ፕሮግራም የተጻፈለትን ሙቀት ሊደርስበት አይችልም። ማሽኑ የማይደርስበትን ሙቀት እየጠበቀ ኃይል ከሚያባክን 60 ዲግሪን እንደ ከፍተኛ ጣሪያ መውሰድ ተገቢ ነው።

ሳሙናው ለማሽን የተዘጋጀ፣ አነስተኛ አረፋ ያለው ሊሆን ይገባል። ለእጅ እጥበት የሚሆን ዱቄት፣ የተፈቀፈቀ ደረቅ ሳሙና ወይም እንዶድ በብዛት አረፋ ስለሚያወጡ ልብሱ በሚገባ እንዳይለቀለቅ ያደርጋሉ፤ አረፋው ሞልቶም ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሎች ሊፈስ ይችላል። በረኪናና ኮምጣጤ ደግሞ በምንም ዓይነት መንገድ አይቀላቀሉ፤ ሲቀላቀሉ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

ከበግ ጠጉር የተሠሩ እንደ በርኖስና ባና ያሉ አልባሳት ሙቅ ውኃና ኃይለኛ መሽከርከር ሲያገኛቸው ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይሸመቃቃሉ፤ ወደ ቀድሞ መጠናቸውም አይመለሱም። እነዚህን በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ማጠብ ይሻላል። ጋቢ አንድ በአንድ ይታጠብ፤ ጥለት ያለው ነጠላና ቀሚስ ተገልብጦ በከረጢት ውስጥ ሆኖ በቀስታ ፕሮግራም ይታጠብ። ልብሱ ከተጨመረ በኋላ ከላይ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍት ቦታ መቅረት አለበት።

7. መደበኛ እንክብካቤ

ማሽኑን ለዓመታት የሚያቆዩት ተግባራት ቀላልና ወጪ የማይጠይቁ ናቸው።

• ከእጥበት በፊት ኪስ ይፈተሽ፤ ሳንቲም፣ ምስማርና መርፌ ቁልፍ ይውጣ።
• ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ የበሩ ጎማ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ እርጥበቱ እንዲደርቅ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆይ።
• የሳሙና መጨመሪያው መሳቢያ በየሳምንቱ ወጥቶ ይታጠብ።
• ከማሽኑ ግርጌ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በየወሩ ይጸዳ። ከመከፈቱ በፊት ስፒናው ይነቀል፤ ውኃው መቀዝቀዙም ይረጋገጥ።
• በወር አንድ ጊዜ ማሽኑ ያለ ልብስ በ60 ዲግሪ ይሥራ።
• የውኃ ቱቦዎቹ አለመሰንጠቃቸውና አለማንጠባጠባቸው ይታይ።

ሕፃናት በተከፈተ ማሽን ውስጥ ገብተው ሊዘጋባቸው ስለሚችል፣ በሩ ገርበብ ተደርጎ ሲተው ማሽኑ ያለበት ክፍል ለሕፃናት ዝግ መሆን አለበት።

ብልሽት ሲያጋጥም ባለሙያ ከመጥራት በፊት መሠረታዊ ነገሮችን ማየት ወጪ ያድናል። ማሽኑ ውኃ ካልሞላ ቧንቧው፣ ወንፊቱና የታንከሩ ከፍታ ይታይ። ውኃ ካላስወጣ የፍሳሽ ማጣሪያው ይጸዳ። ከመጠን በላይ ከተንቀጠቀጠ የማጓጓዣ ብሎኖቹ፣ የእግሮቹ ሚዛንና የልብሱ ጭነት ይፈተሽ። ብሬከሩን ደጋግሞ ከጣለ ግን ማንም ሳይነካው ባለሙያ ይጠራ።

8. የታጠበበት ውኃ የት ይፈሳል?

ከማሽኑ የሚወጣው ውኃ ከቤት ሲወጣ ጉዳዩ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ምርምር ጀመሩ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ግኝቱ ለሕክምና ትልቅ ተስፋ የፈነጠቀ ሲሆን፣ የልብስ እጣቢ በውኃ ውስጥ ባለ ሕይወት ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለውም አሳይቷል።

የአካባቢው ምንጮችና ጅረቶች ወደ ዓባይ የሚወርዱ፣ በመንገዳቸውም ሰውና ከብት የሚጠጣቸው ናቸው። ስለዚህ እጣቢው በቀጥታ ወደ ምንጭ፣ ወደ ጅረት ወይም ወደ መንገድ መለቀቅ የለበትም። ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ በራቀ ቦታ በጠጠር በተሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ እንዲሰርግ ማድረግ ይገባል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ በአንጻሩ ንጹሕ ስለሆነ በባልዲ ተጠራቅሞ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ጽዳት ሊውል ይችላል።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን በአግባቡ ሲተከልና ሲያዝ የቤተሰብን ድካም ያቃልላል፤ ውኃና ኃይልም ይቆጥባል። ተጠቃሚዎች አዲስ ማሽን ከመሥራቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ እንዳለባቸው ሊዘነጉ አይገባም፤ የማጓጓዣ ብሎኖቹ መውጣታቸውን፣ የውኃው ግፊት በቂ መሆኑንና የመሬት መስመሩ በባለሙያ መፈተሹን።