ሥራ የፈታ አንበሳ

ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ከአጥሩ ሥር ትንሽ የቆመ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይመለስም፦ «ምነው እንዲህ ይተኛል፣ ታሟል እንዴ?» አልታመመም። አንበሳ በዱርም ቢሆን ከቀንና ሌሊቱ እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተጋድሞ ያሳልፋል። ልጆች ቅር ቢላቸውም፣ የተኛ አንበሳ አያሳስብም። የሚያሳስበው አንድ መስመር ይዞ ከጥግ እስከ ጥግ የሚንጎራደደው ነው። ጎብኚው ግን እሱን ሲያይ «ይሄኛው ንቁ ነው» ብሎ ስልኩን ያወጣል።

«ሥጋው በሰዓቱ ይመጣለታል፣ የሚተናኮለው የለ፤ ሌላ ምን ጎደለው?» የሚለው ደግሞ ሥር የሰደደ እምነት ነው። የጎደለው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግሌን ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ ለአይጦች ሁለት ምርጫ አቀረበ፦ በዕቃ የተቀመጠ ነፃ ምግብ፣ ወይም ዘንግ ተጭነው የሚያገኙት ያው ምግብ። ነፃው አፍንጫቸው ሥር እያለ ዘንጉን መጫናቸውን አልተዉም። በእርግብና በሌሎች እንስሳትም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የቤት ድመት ግን ነፃውን መረጠች፤ ድመት ያሳደገ ሰው አይገርመውም።

የእኛን ጭላዳ እንውሰድ። ሰሜን ተራሮች ላይ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ቁጢጥ ብሎ ሣር በጣቱ ሲነጭ ይውላል። ምግቡን በሳህን ቢያቀርቡለት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ባዶ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ዝንጀሮም ሥራ ሲያጣ የገዛ ፀጉሩን ሊነጭ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ጠባቂ እህሉን ጭድ ውስጥ ይበትነዋል፤ ለቀማው ቀኑን ይፈጃል።

«እንግዲያው ኳስ ግዙለት» ይሉ ይሆናል። ኳስ ክፉ አይደለም፤ ግን አንዴ ተጥሎ ሳይነሣ ከሰነበተ ከድንጋይ አይለይም። ጥበቡ መለዋወጡ ላይ ነው፦ ዛሬ ሥጋው ግንድ ላይ ይሰቀላል፣ ነገ በረዶ ውስጥ ይቀበራል፣ ሌላ ቀን ሽታ ብቻ ይቀርባል። ኒው ዮርክ በሚገኘው የብሮንክስ አራዊት ማቆያ ለአቦሸማኔዎች ልዩ ልዩ ሽቶ ሲሞከር ረዥም ጊዜ ያቆያቸው የካልቪን ክላይን «ኦብሴሽን» ነበር፤ ያውም የወንዶቹ። ውድ ሽቶ ግን የግድ አይደለም፤ የሜዳ አህያ ፋንድያም ያው ሥራ ይሠራል። ጎብኚ በአጥር የሚወረውረው ብስኩት ግን ከዚህ አይቆጠርም።

አሁን ደግሞ በማቆያዎቹ በኩል ያለው ተረት፦ «እንዲህ ያለ ማነቃቂያ ካለ የግቢው ጥበት ችግር አይሆንም።» እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አራዊት ማቆያ ገስ የሚባል ነጭ ድብ ገንዳው ውስጥ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ያለማቋረጥ ሲዋኝ የከተማው መነጋገሪያ ሆነ። አሠልጣኝ ተቀጠረለት፣ ዓሣው በበረዶ ውስጥ እየተደበቀ ቀረበለት። አመሉ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮስ ክለብና ጆርጂያ ሜሰን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በዱር ሰፊ ምድር የሚያካልሉ ሥጋ በል አራዊት በማቆያ ውስጥ ይበልጥ እንደሚንጎራደዱ፣ ግልገሎቻቸውም ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳዩ። ለነጭ ድብ የሚሰጠው የተለመደ ግቢ፣ በዱር ከሚያካልለው ዝቅተኛ ስፋት የአንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ምክራቸውም እነዚህን አራዊት ወይ ከመሠረቱ በተሻለ ሁኔታ መያዝ፣ ወይም ቀስ በቀስ መያዛቸውን መተው የሚል ነበር።