በእስትንፋስ የሚገባ መርዝና በሒሳብ የተሣለ ሥጋ

ቀለም ለመላጥና ቅባት ለማጠብ የሚያገለግለው፣ ፈጥኖም የሚተነው ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለ አሟሚ ፈሳሽ፣ በፋብሪካ አየር ውስጥ እስከ ስንት ቢገኝ ሠራተኛውን አይጎዳም የሚለው ጥያቄ፣ በአሜሪካ ሊቃውንትን፣ ባለ ፋብሪካዎችንና መንግሥትን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ የከረረው በ1986 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከሚሊዮን እጅ አየር 2000ና 4000 እጅ ይህን ተን የተነፈሱ አይጦች በሳንባና በጉበት ካንሰር መያዛቸው በመንግሥት ምርመራ በተገለጠ ጊዜ ነው። ሠራተኛው ይህን ያህል አይተነፍስምና፣ አይጥም ሰው አይደለምና፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ምንድን ነው?

የመሻገሪያው መሠረት ቀድሞ ተጥሎ ነበር። በ1937 ስዊድናዊው ቶርስተን ቴዎሬል አካልን በደም ዝውውር የተያያዙ ክፍሎች አድርጎ የመድኃኒትን አካሄድ በሒሳብ ጻፈ፤ በ1984ም ተመራማሪዎቹ ራምዚና አንደርሰን፣ ስታይሪን ለተባለው ኬሚካል፣ ለየብልቱ የሚደርሰውን ደምና ኬሚካሉ በየብልቱ ለመቀመጥ ያለውን ዝንባሌ አስገብተው፣ በአይጥ የታየውን ለሰው ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ በሒሳብ በተሠራ አምሳለ ሥጋ (ሞዴል)፣ ከሳንባ ወደ ደም የተሻገረው ተን ብዙ ደም ወደሚያገኙት ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊትና ወደ ጉበት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ጥቂት ደም የሚያገኘው ስብ ግን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ስለሚመልስ፣ ሠራተኛው ቤቱ ከገባ በኋላም ተኑ ከእስትንፋሱ ጋር መውጣቱን አያቋርጥም።

የሜቲሊን ክሎራይድ ምሥጢር ግን ያለው በሚፈርስበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ይኸውም በተዘጋ ቤት የከሰል ፍም ሰው የሚገድልበት ጋዝ ነው። ይህ መንገድ ኃይሉ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ የተነፈሱት ሲበዛ ይሞላና ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራበት የሁለተኛው መንገድ ድርሻ ያድጋል፤ ለካንሰሩም የተጠረጠረው ይህ ሁለተኛው፣ በአይጥ ዘንድ ከሰው ይልቅ የበረታው ነው። ስለዚህ አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ1987 ሲያሰሉ፣ በጥቂት መጠን ሰውን የሚያሰጋው አደጋ ከቀድሞው ግምት እጅግ አንሶ ተገኘ፤ ውጤቱም ቁጥጥሩ እንዳይጠነክር ለሚሹት ማስረጃ ሆነ።

የተቃወሙት ደግሞ፣ የሰው ሁሉ አካል አንድ አይደለም አሉ፤ ሁለተኛውን መንገድ የሚያንቀሳቅሰው ኢንዛይም በአንዳንዱ ሰው ጨርሶ ሲታጣ በሌላው ይበረታልና፣ ከባድ ሥራ የሚሠራም ከተቀመጠው አብልጦ ይተነፍሳልና። በ1997 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ስሌቱን ሳይጥል፣ ነገር ግን በአማካዩ ሰው ፈንታ በስሌቱ ላይኛ ጠርዝ የሚውለውን መርጦ፣ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ወሰኑን ከሚሊዮን 500 እጅ ወደ 25 አወረደ፤ በ2024ም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አብዛኛውን አገልግሎት ከልክሎ፣ ለቀረው ወሰኑን 2 አደረገ።

እንግዲህ ሒሳቡ በብልት ውስጥ የሚደርሰውን መጠን ይገልጣል እንጂ፣ ጥበቃው ለአማካዩ ሰው ይሁን ወይስ ይበልጥ ለሚጎዳው የሚለውን አይፈርድም፤ ያ የሕግ አውጪው ሸክም ነውና፣ ሞዴሉ ደኅንነቱን አረጋገጠ ሲባል የማን አካል ተሰልቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።