በኤፒአዩ በር ላይ የቆመው ፊልተር

መርካቶ ውስጥ የጅምላ ነጋዴው ሱቅ ሸማ ተራ፣ መጋዘኑ ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ተሸካሚው ወረቀት ይዞ ካልመጣ መጋዘን ጠባቂው አንድ ካርቶን አያስወጣም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያው ስልክ ላይ ገብቷል፤ ሽያጩንና ክምችቱንም በመተግበሪያ የሚይዙ አሉ። እዚያ ወረቀቱን የሚያየው ኮድ ነው፤ ስሙም የፈቃድ ፊልተር።

ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዌብ ማዕቀፍ፣ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር፣ ከፊልተሮች ሁሉ ቀድሞ የሚሠራው ይኸው ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው 401 ይመለስለታል። ታውቆ ያልተፈቀደለት ደግሞ 403፤ ዋጋ ማየት እንጂ መቀየር ያልተፈቀደለት ሻጭ የሚደርሰው ይኸኛው ነው።

ፊልተሩ የሻጩን ፈቃድ ለማወቅ ዳታቤዝ መጠየቅ አለበት። ግንኙነቱን ራሱ ከከፈተ ይሠራል፤ ነገር ግን ያለ እውነተኛ ዳታቤዝ ሊፈተሽ አይችልም። በዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ግን ፊልተሩ የሚያስፈልገውን በኮንስትራክተሩ ይጠይቃል፣ ዕቃዎችን ፈጥሮ የሚያድለው ኮንቴይነር ያቀርብለታል። የዘዴውን ስም በ2004 እ.ኤ.አ. ያስለመደው ማርቲን ፋውለር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ፊልተሩ እንደ አትሪቢዩት ከሜተዱ በላይ ሲለጠፍ ነው። የማዕቀፉ ቋንቋ ሲ ሻርፕ አትሪቢዩት ውስጥ የሚቀበለው ኮዱ ሲጠናቀር የታወቀ ቋሚ ዋጋ ብቻ ነው፤ «ባለቤት» የሚል ቃል ይጻፋል፣ ዳታቤዝ ግን አይጻፍም። መውጫው ሁለት ነው። ሰርቪስ ፊልተር፣ ፊልተሩ ቀድሞ ኮንቴይነሩ ውስጥ እንዲመዘገብ ይፈልጋል። ታይፕ ፊልተር ምዝገባ አይጠይቅም፤ እንደ ፈቃዱ ስም ያለ ተጨማሪ ግብዓትም ይቀበላል።

ከዚህ የከፋው ኮንቴይነሩ የሚያቀርባቸው ዕቃዎች ዕድሜ ነው። ዳታቤዙን የሚያነበው ዕቃ ለአንድ ጥያቄ ብቻ እንዲኖር የታሰበ ነው። ፊልተሩ ሲንግልተን ሆኖ፣ ማለትም መተግበሪያው እስኪዘጋ አንዱ ብቻ እንዲያገለግል፣ ከተመዘገበና ይህን ዕቃ ይዞት ከቀረ፣ ጠዋት ያነበበውን ፈቃድ ከሰዓትም ይደግመዋል፤ ምሳ ሰዓት ላይ የተሰናበተ ሻጭ እስከ ማታ ዋጋ ሲቀይር ሊውል ይችላል። ኮንቴይነሩ በልማት (ዴቨሎፕመንት) አካባቢ ይህን አይቶ ስህተት ይጥላል፤ በነባሪው አሠራር ግን እውነተኛው ሰርቨር ላይ ዝም ይላል። አሮጌው ዌብ ኤፒአይ 2 ደግሞ ፊልተሩን አስቀምጦ ደጋግሞ ይጠቀምበት ስለነበር፣ ችግሩ ሳይጠሩት ይመጣ ነበር።

ማይክሮሶፍት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመክረው ፊልተር መጻፍን ሳይሆን ፖሊሲን፣ ማለትም የፈቃድ ደንብን፣ እና ደንቡ መሟላቱን የሚፈትሸውን ሃንድለር ነው። ሃንድለሩ አትሪቢዩት ስላልሆነ ዲፔንደንሲውን በኮንስትራክተሩ ያለ ምንም ዙሪያ ጥምጥም ይቀበላል፤ ዋጋ የመቀየር ፈቃድን ለሚያጣራ የሱቅ መተግበሪያም ከበቂ በላይ ነው።